የፅንስ ማቋረጥ ፍርዶች ሲዘገቡ የዳኞቹ ቃል አይቀየር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በጥብቅናና በሕግ ሰነዶች ትርጉም ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚሰጡ ፍርዶች፣ የውጭዎቹም ሆኑ የአገር ውስጦቹ፣ በአማርኛ ሲዘገቡ ዳኞቹ መርጠው ያስቀመጧቸው ቃላት መንገድ ላይ እየተቀየሩ ነው። በሌላ ጉዳይ ቢሆን ምናልባት ይታለፍ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ቅጽል ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ሴቲቱ ሕክምና ታገኛለች ወይም ታጣለች፤ ሐኪሙ በነፃ ይሰናበታል ወይም ይታሰራል። የውጭዎቹን ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ሕጎች በራሳችን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ሁሉም ሰው ከሰማው ፍርድ እንጀምር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 24 ቀን 2022 (ሰኔ 17 ቀን 2014 ዓ.ም.) ዶብስ በተባለው መዝገብ የሰጠውን ፍርድ «ፅንስ ማቋረጥን ከለከለ» ብሎ መዘገብ ስሕተት ነው። ፍርድ ቤቱ ያለው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፅንስ የማቋረጥ መብት እንደማይሰጥና ጉዳዩን ሕዝቡና የመረጣቸው ተወካዮች እንዲወስኑት ነው። በዚህም በ1973 ሮ፣ በ1992 ደግሞ ኬሲ በተባሉት መዝገቦች መብቱ አለ በሚል ተሰጥተው የነበሩትን ፍርዶች ሻረ። ሚዙሪ በዚያው ቀን ከለከለች። ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ውስጥ የተፈቀደው እንደተፈቀደ ቀጠለ። «ከለከለ» የሚል ርዕስ ያነበበ ሰው ግን አንድ ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ ነገሩን ወንጀል አደረገው ብሎ ጋዜጣውን ያጥፋል።

ከርዕሱ ይልቅ የሚያሳስበን ከሥሩ ያለው ዝርዝር ነው። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ይህ ጉዳይ ከሌሎቹ የግል ሕይወት መብቶች በምን እንደሚለይ ሲያስረዱ ሁለት ስያሜ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። አንዱ «ሊሆን የሚችል ሕይወት» የሚለው ነው፤ ይህንን ሮ እና ኬሲ የተጠቀሙበት ስያሜ ነው ብለዋል። ሌላው «ያልተወለደ ሰብዓዊ ፍጡር» የሚለው ነው፤ ይህንንም ለክርክሩ መነሻ የሆነው የሚሲሲፒ ሕግ እንዲህ ያየዋል ሲሉ ነው የጠቀሱት። ያ የ2018 ሕግ ከ15 ሳምንት በኋላ የሚደረግን ፅንስ ማቋረጥ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ የሚከለክል ነበር። ሁለቱም ስያሜዎች ባለቤት አላቸው ማለት ነው። ዘገባው «ፍርድ ቤቱ ፅንስ ሰብዓዊ ፍጡር ነው አለ» ካለ የሚሲሲፒን ሕግ አውጪዎች ቃል በዳኞቹ አፍ ከተተው። እንዲያውም በዚያው ፍርድ ውስጥ ፅንስ ከመወለዱ በፊት መብት ይኑረው አይኑረው በሚለው ላይ ፍርዱ አቋም እንዳልያዘ በግልጽ ተጽፏል። ይህ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ዘገባ ውስጥ ብዙም ቦታ አያገኝም።

ዳኞች የሰውን ቃል ጠቅሰው ሲጽፉም ምርጫ እያደረጉ መሆኑ ግን አይካድም። ከበላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ውስጥ የገባ ስያሜ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥም ቢሆን፣ በሚቀጥለው መዝገብ ጠበቃው ያነሳዋል፤ የበታች ፍርድ ቤት ይደግመዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትእምርተ ጥቅሱ ይወድቅና ስያሜው የፍርድ ቤቱ የራሱ ቋንቋ ይሆናል። ይህን በጊዜው ያዩ ዳኛ ነበሩ። በ2007 ጎንዛሌስ በተባለው መዝገብ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አንድን የፅንስ ማቋረጫ ዘዴ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ሲጸና፣ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በልዩነት ሐሳባቸው የብዙኃኑን ቃላት አንድ በአንድ ነቅሰው አወጡ። የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች በሙያ ስማቸው ከመጠራት ይልቅ «የፅንስ ማቋረጥ ዶክተር» ተብለዋል አሉ። ፅንሱ «ያልተወለደ ልጅ»፣ አልፎም «ሕፃን» ተብሏል አሉ። በሁለተኛው ሦስት ወር ውስጥ፣ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ መኖር ከመቻሉ በፊት የሚደረገው ደግሞ «የዘገየ» የሚል ስም ተሰጥቶታል ሲሉ ጻፉ። ያ የልዩነት ሐሳብ በድምፅ ተሸንፏል። ለጋዜጠኛ ግን የፍርድ ቃላት እንዴት እንደሚነበቡ የሚያሳይ ምሳሌ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም ዳኛዋ ውጤቱን ከመተቸት አልፈው ውጤቱ በየትኛው ስያሜ በኩል እንደመጣ አሳይተዋል።

ስለዚህ አንድ ዘጋቢ ፍርዱን ሲይዝ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ማን ምን እንዳለ መለየት ነው። የእኛ አገር ፍርድ አቀማመጥ ለዚህ ይመቻል። ከላይ ቀኑ፣ የመዝገብ ቁጥሩና የዳኞቹ ስም አለ፤ ቀጥሎ አመልካችና ተጠሪ ወይም ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ይጠራሉ፤ ከዚያ «መዝገቡ ተመርምሮ የሚከተለው ፍርድ ተሰጥቷል» ይልና «ፍ ር ድ» የሚለው ቃል ፊደሎቹ ተራርቀው መሐል ላይ ይጻፋል። ከዚህ በታች የሚመጡት የመጀመሪያ አንቀጾች አብዛኛውን ጊዜ የክሱና የክርክሩ ታሪክ ናቸው። እዚያ የሚገኙት ቃላት የከሳሽ፣ የተከሳሽና የሥር ፍርድ ቤቶች ናቸው። የችሎቱ የራሱ ድምፅ የሚሰማው «እኛም መዝገቡን መርምረናል» ወይም ጭብጡ ይህ ነው ከሚለው ጀምሮ ሲሆን፣ አስገዳጁ ትእዛዝ ደግሞ «ው ሳ ኔ» ከሚለው ርዕስ ሥር ነው። «ገደለችው» የሚል ቃል በሁለተኛው አንቀጽ አንብቦ «ፍርድ ቤቱ ገድላዋለች አለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የዐቃቤ ሕግን ክስ ፍርድ አድርጎ አወጣ። በሰበር (የሕግ ስሕተት በመጨረሻ በሚታረምበት ችሎት) ውሳኔዎች ቅጾች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በማውጫው ላይ የሚቀመጠው አጭር መግለጫ ፍርዱ አይደለም፣ ከዚያ ቀድቶ መጥቀስ አይገባም።

አንድ ቃል ምን ያህል በር እንደሚከፍት ለማየት ወደ 1938 ለንደን መመለስ ይበቃል። በእንግሊዝ የ1861 ሕግ ፅንስ ማስወረድን የሚቀጣው «ከሕግ ውጪ» የተፈጸመ እንደሆነ ነበር። ያ ቃል ለ77 ዓመት ያህል ብዙ ትኩረት ሳይሰጠው ኖረ። አሌክ ቦርን የተባሉ ሐኪም በወታደሮች የተደፈረች የ14 ዓመት ልጅን ፅንስ አቋርጠው ሲከሰሱ፣ ዳኛ ማክናግተን «ከሕግ ውጪ» ከተባለ ከሕግ ውጪ ያልሆነም አለ ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ያንን ክፍተት የሞሉት ከሌላ የ1929 ሕግ በወሰዱት «የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን» በሚለው ሐረግ ነው። ቀጥለውም «ሕይወት» የሚለውን ሰፋ አደረጉት፤ የእርግዝናው መቀጠል ሴቲቱን በአካል ወይም በአእምሮ የሚያፈርሳት መሆኑን ሐኪሙ በበቂ ዕውቀት ካመነ፣ ሕይወቷን ለማዳን እንደሠራ ሊቆጠር ይችላል አሉ። ሐኪሙ በነፃ ተለቀቁ። እንግሊዝ አዲስ ሕግ ያወጣችው በ1967 ነው። በመሐል ያሉት 29 ዓመታት ሐኪሞች የሠሩት በዚያ ትርጉም ላይ ተደግፈው ነው።

በአየርላንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1983 ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጨመረው ድንጋጌ ያልተወለደውና እናቲቱ እኩል የመኖር መብት አላቸው አለ። በ1992 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ14 ዓመት ልጅን ጉዳይ ሲያይ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው ለእናቲቱ ሕይወት «እውነተኛና ከባድ» አደጋ ሲኖር ነው አለና፣ ወዲያው «ለጤንነቷ ሳይሆን ለሕይወቷ» ብሎ ለየው። ልጅቷ ራሷን ልታጠፋ ትችላለች በሚል ፍርዱ ለእርሷ ረዳት። ግን ያ መለያ ሐረግ ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሙ የሚጠይቀው ጥያቄ ተቀየረ። «ታማለች ወይ?» የሚለው ቀርቶ «ልትሞት ነው ወይ?» ሆነ። ሕመም ወደ ሞት አደጋ የሚሸጋገርበትን ቅጽበት ደግሞ አስቀድሞ በሰዓት ለይቶ የሚነግር ሐኪም የለም፤ ኢንፌክሽን በደም ውስጥ ሲሰራጭ በሰዓታት ውስጥ ይገለበጣል። ሳቪታ ሃላፓናቫር በኦክቶበር 2012 ጎልዌይ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በ17 ሳምንት እርግዝና ላይ ፅንሱ ሊወርድ እንደሆነ እየታወቀ፣ ፅንሱ እንዲቋረጥ ብትጠይቅም የፅንሱ ልብ ገና ይመታል ተብሎ እንድትጠብቅ ተደረገ፤ በኢንፌክሽን ሞተች። አየርላንዳውያን በሜይ 2018 ድንጋጌውን በሕዝበ ውሳኔ አነሱት። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ያልተወለደው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ «ልጅ» በሚለው ቃል እንደማይካተት፣ ያለው መብት በዚያ አንድ ድንጋጌ የተጻፈው የመኖር መብት ብቻ እንደሆነ ወስኖ ነበር። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ድንጋጌው ቢነሳ ምን እንደሚቀር ያወቀው በዚህ ፍርድ ነው።

በቴክሳስ የታየው ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በዲሴምበር 2023 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከባድ የጤና ችግር ያለበት ፅንስ የያዘች ሴት ፅንሱን ለማቋረጥ ያቀረበችውን ጥያቄ ሲመረምር ሐኪሟ «በቅን ልቦና አምኛለሁ» ማለቷን አልተቀበለም። ሕጉ የሚጠይቀው «ምክንያታዊ የሕክምና ውሳኔ» ነው አለ። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በክርክር ግን ይለያያሉ፤ ቅን ልቦና የሚለካው ሐኪሟ ባመነችው ነው፣ ምክንያታዊ ውሳኔ የሚለካው ሌሎች ሐኪሞች ኋላ ቀርበው በሚሰጡት ምስክርነት ነው። የቅጣቱ ክብደት ሲታሰብ ሐኪሞች ለምን እጃቸውን እንደሚሰበስቡ ግልጽ ነው።

የእኛ አገር መመሪያ የመረጠው የመጀመሪያውን መለኪያ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣውና በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው የአሠራር መመሪያ፣ እርግዝናው ለሕይወቷ ወይም ለጤንነቷ አስጊ መሆኑን ባለሙያው «በቅን ልቦና» እንዲወስን ኃላፊነቱን ለእርሱ ይሰጣል። ሴቲቱ አገልግሎቱን በጠየቀችበት ሰዓት ታማ መገኘቷ ግድ እንዳልሆነም ይናገራል። አንድ የአገራችን ዳኛ ወይም ዘጋቢ ይህን «በሐኪሞች ማረጋገጫ» ብሎ ቢተካው፣ የአንዱ ባለሙያ ውሳኔ የቦርድ ማስረጃ ይሆናል፣ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስም ወረቀት እስኪመጣ ትጠብቃለች።

እንዲህ ያለው ግዴታ በአንድ ወቅት በሕጋችን ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው ለሕይወት ወይም ለጤንነት «ከባድና ዘላቂ» አደጋ ሲኖር፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆን ነበር፤ የሁለተኛ ሐኪም ስምምነትም በጽሑፍ ይጠየቅ ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ «ከባድና ዘላቂ» የሚሉትን ሁለት ቅጽሎች አወጣቸው። አሁን የሚጠየቀው አደጋ መኖሩ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ሕጉ ከባድ አደጋ ሲኖር ይፈቅዳል» ብሎ የሚጽፍ ሰው የተሻረውን ሕግ እየጠቀሰ ነው፣ ዳኛም ቢሆን።

የዚህን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ዝግ ብሎ ያነበበ ሰው ሌሎች ወጥመዶችም ያገኛል። ርዕሱ ፅንስ ማቋረጥ በሕግ ስለሚፈቀድበት ሁኔታ ይናገራል፤ ውስጡ ግን እነዚህ ሁኔታዎች ሲሟሉ ድርጊቱ አያስቀጣም ይላል። «ይፈቀዳል» እና «አያስቀጣም» አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ማየት ለሚፈልግ የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሜይ 1993 የሰጠው ፍርድ አለ። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት፣ ከሦስት ቀን በፊት የምክር አገልግሎት ወስዳ ፅንስ ያቋረጠች ሴት አትቀጣም፣ ድርጊቱ ግን ሕጋዊ ሊባል አይችልም አለ። ከዚህ አንድ ቃል በመነሳት የሕዝብ ጤና መድን ወጪውን እንዳይከፍል ተደረገ፤ ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነችን ሴት ብቻ መንግሥት በሌላ መንገድ ይደግፋታል። እኛ ዘንድ የአንቀጹ ርዕስ «በሕግ የሚፈቀድ» የሚል በመሆኑ ዳኛው ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይችላል፣ ማንበብም አለበት ብለን እናምናለን። ዘጋቢውም ርዕሱን ትቶ «ቅጣት የማያስከትል ወንጀል» የሚል የራሱን ስያሜ ሊፈጥር አይገባም።

የእንግሊዝኛው ቅጂ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ስለ ፅንሱ ሲናገር «ልጅ» የሚል ቃል ይጠቀማል። ከእንግሊዝኛው ተርጉመው የሚዘግቡ ሰዎች ቃሉን እንዳለ ያመጡታል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የሚጸናው የአማርኛው ነው። ነጋሪት ጋዜጣው አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይገኛል፤ አማርኛው በእጃችን እያለ ከእንግሊዝኛ መልሶ መተርጎም ምንም ምክንያት የለውም። በዚያው እንግሊዝኛ ቅጂ ለአካለ መጠን ያልደረሰችውን ልጅ በሚመለከተው ፊደል ላይ ልጅ ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ብቁ አለመሆን የሚል አነጋገር አለ። «በአካልም በአእምሮም» የሚለውን አጥብቆ የሚይዝ ዳኛ ሁለት ማስረጃ ሊጠይቅ ይችል ነበር። መመሪያው ይህን በር ዘግቶታል፤ ከ18 ዓመት በታች መሆኗ የሚወሰነው በካርዷ ላይ በተመዘገበው፣ ራሷ በተናገረችው ዕድሜ ሲሆን ሌላ የዕድሜ ማስረጃ አይጠየቅም።

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከመደፈር ጋር በተያያዘ የሚፈጸመው ስሕተት ነው። አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2 እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የደፋሪው ስም አይጠየቅም። ቃሏ በኋላ ትክክል ሆኖ ባይገኝም አገልግሎቱን የሰጠው ባለሙያ በወንጀል እንደማይጠየቅ መመሪያው ያስቀምጣል። አሁን አስገድዶ መድፈርን በሚቀጣው አንቀጽ 620 የተከሰሰ ሰው ልደታ ምድብ ችሎት ቀርቦ እንበል። ችሎቱ የሕግ ባለሙያ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ አሕጽሮቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ማለት ነው፦ «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ ያላስረዳ ስለሆነ በወ/መ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 141 መሠረት ተከሳሽ በነፃ ይሰናበት»። ይህ ስለ ማስረጃ የተሰጠ ብይን ነው። ሴቲቱ ዋሸች አይልም፣ አልተደፈረችም አይልም። ዘገባው ላይ «አለመደፈሯ ተረጋገጠ» ተብሎ ሲወጣ ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ፍርድ ቤቱ ያላለው ነገር ይባላል። በሁለት የተለያዩ የማስረጃ መለኪያዎች የሚሠሩ ድንጋጌዎች ይደባለቃሉ። ያነበበችው ሌላ ሴት ደግሞ ተከሳሹ ካልተፈረደበት እኔ ልከሰስ ነው ብላ ከጤና ጣቢያ ትቀራለች፤ ወደ ድብቅ ቦታ ትሄዳለች። ለሕይወቷ የሚያሰጋው ያ ነው።

ዳኞችም እዚህ ላይ ብዕራቸውን ሊጠብቁ ይገባል። «ተደፍሬያለሁ በማለት» ብሎ መጻፍ የእርሷን ቃል መጥቀስ ነው፤ «ተደፍሬያለሁ በሚል ሰበብ» ብሎ መጻፍ ግን ማስረጃ ሳይሰማ መፍረድ ነው።

ስለ ክስ አጻጻፍ ሕጉ ራሱ የቃላት አጠቃቀም ግዴታ እንደሚጥል ብዙ ሰው አያውቅም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 112 የወንጀሉ ዝርዝር በተቻለ መጠን ወንጀሉን የደነገገውን ሕግ ቃላት ተከትሎ እንዲጻፍ ያዛል። ፅንስ ማቋረጥን በሚመለከቱት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 545 እና ተከታዮቹ የተከሰሰች ሴት ክስ ላይ «ሕፃን መግደል» የሚል ሐረግ ከገባ ተከላካይ ጠበቃው በዚህ አንቀጽ መቃወሚያ ማንሳት ይችላል። ነገሩ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 544 እናት በምጥ ላይ ሳለች ወይም በወሊድ ተጽዕኖ ውስጥ ሆና ሕፃኗን ስትገድል ነው። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ሲሆን እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። የራሷን ፅንስ ያቋረጠች ሴት በአንቀጽ 546 የምትቀጣው በቀላል እስራት ነው። ወንጀል ሕጋችን በማመሳሰል አዲስ ወንጀል መፍጠርን ይከለክላል፤ «ሰው» የሚለውን ቃል እስከ ፅንስ መለጠጥ ከዚህ ክልከላ ጋር ይጋጫል። ድህነትም እንዲሁ በጥንቃቄ ይጻፍ፤ አንቀጽ 550 በከፋ ድህነት ምክንያት የተፈጸመ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ያዛል እንጂ ድርጊቱን አይፈቅድም።

ተርጓሚዎችን የሚያሳስት አንድ ቃል እንጨምር፣ ምክንያቱም በየጊዜው ያጋጥመናል። የአሜሪካ ፍርዶች ፅንስ ከማሕፀን ውጭ ሊኖር የሚችልበትን ደረጃ መስመር አድርገው ለ49 ዓመት ሠርተውበታል። ሮ ይህን ወደ 28 ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም 24 ሳምንት ላይ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቀምጦት ነበር። በአማርኛ «ለመኖር የሚችል» ተብሎ ሲተረጎም የእኛን የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ሌላ ነገር ያነባል። በዚያ ሕግ አንቀጽ 4 መሠረት ልጅ ለመኖር ይችል ነበር የሚባለው ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት ሲኖር ነው፤ ያም ለውርስና ለመሰል ጥቅሞች ነው። የጤና መመሪያችን ደግሞ ፅንስ ማቋረጥን ሲተረጉም ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ ከ28 ሳምንት በታች፣ ቀኑ ካልታወቀ ከ1000 ግራም በታች ይላል። ሦስት መለኪያ፣ ሦስት ዓላማ። ሳምንቱንና የመጣበትን አገር ሳይጽፉ ቃሉን ብቻ ማስቀመጥ አንባቢውን ያሳስታል። አንቀጽ 551 ራሱ የሳምንት ቁጥር አይጠቅስም፤ ጊዜውን ለሙያው ትቶታል። «በኢትዮጵያ ሕግ እስከዚህ ሳምንት ይፈቀዳል» ተብሎ ሲዘገብ ቁጥሩ ከመመሪያው ወይም ከሕክምና አሠራር የመጣ መሆኑ አብሮ ይጻፍ።

«እዚህስ ማነው የሚተረጉመው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ትርጉም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያጣራለታል። ስለዚህ እንደ ዶብስ ያለ ፍርድ ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይጠበቅም። ግን የሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ሲሰየም የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ሰበር ስለ 551 ወይም ስለ 552 የሚመርጠው አንድ ሐረግ ከዚህ እስከ ሞያሌ ድረስ ይሠራል። ጋዜጣው ያን ቀን በትክክል እንዲዘግበው ከአሁኑ መዘጋጀት አለበት።

የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተሰጠ ፍርድ ሲዘገብ ወሳኙ ዓረፍተ ነገር በዳኞቹ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ቃሉ የሕጉ፣ የተከራካሪው ወይም የልዩነት ሐሳቡ ከሆነም ባለቤቱ ይጠራ። ውሳኔው ምን እንዳደረገ በትክክለኛው ግስ ይጻፍ፦ ሻረ፣ አጸና፣ አሻሻለ፣ ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰ። የኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2019 ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም ብሎ ለምክር ቤቱ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ጊዜ ሲሰጥ፣ በብዙ ቦታ ሕጉ በዚያው ቀን እንደፈረሰ ተደርጎ ተወራ። ምክር ቤቱ በቀኑ ገደብ ምንም ሳያወጣ ስለቀረ ድንጋጌው ኃይሉን ያጣው በጃንዋሪ 2021 ነው። በመሐል በነበሩት 20 ወራት ሕጉ በሥራ ላይ ነበር።

በየዘገባው ግርጌ ደግሞ ስለ አገራችን አንድ ሁለት መስመር ይጨመር፤ የውጭው ፍርድ እዚህ ምንም እንዳልለወጠ፣ አንቀጽ 551 እና 552 እንደጸኑ፣ መሥፈርቱን የምታሟላ ሴት አገልግሎቱን በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት እንዳለባት መመሪያው የሚያዝ መሆኑ። ዶብስ በተሰጠ ሰሞን እዚህም ሕጉ የተቀየረ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለእነርሱ ያ መስመር ከቀሪው ዘገባ ሁሉ በላይ ይጠቅማቸው ነበር።

ከአክብሮት ጋር
በጥብቅናና በሕግ ትርጉም ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ
ልደታ፣ አዲስ አበባ